የሳነቴን መንገድ በአንጋፋ ዕድሜ እንደገና ለመውጣት፦ ከዝግጅት እስከ መልስ

ባሌን በወጣትነቱ ያየ ሰው ብዙ ነው። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የሄደው ተማሪ፣ ጎባ ተመድቦ የነበረው መምህር፣ የክትባት ሣጥን ይዞ ወደ ደሎ መና የወረደው ጤና ረዳት፣ ለቅየሳ ድንኳን የተከለው ሠራተኛ፣ ዛሬ አብዛኞቹ ስድሳውን ወይም ሰባውን አልፈዋል። «አንድ ቀን ተመልሼ አየዋለሁ» የማይል ከመካከላቸው ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ ለዚያ «አንድ ቀን» ቀን ለመቁረጥ ለተነሡ ሰዎች የተጻፈ ነው።

የምናገረው ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና ስለሚወርደው መንገድ ነው። ርዝመቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን መኪና ዓመቱን ሙሉ ከሚሄድባቸው የአፍሪካ መንገዶች መካከል ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከዚያም በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ቆላ ያወርዳል። በእግርና በበቅሎ ያለፈበት ሰው ዛሬ ጉልበቱ እምቢ ቢለው በመኪና ሊያየው ይችላል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፣ ሰው ሳይጠቀምበት እንዲያልፍም አልፈልግም።

በዚህ ዕድሜ እጅግ የሚያሳስበኝ ግን «አውቀዋለሁ» የሚባለው መንገድ ነው። የማያውቁትን መንገድ ሰው ቀስ ብሎ፣ እየጠየቀ ይሄዳል። የሚያውቁትን ግን በትዝታ ይነዱታል፤ ኩርባው የት እንደነበረ፣ ወንዙ የት እንደሚሻገር ልብ አስቀድሞ ይወስናል። መንገዱም ሰውየውም ግን ተለውጠዋል። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት በሙሉ የሚያገለግለው ለዚህ ነው፤ የድሮውን መንገድ እንደ አዲስ ለመንዳት።

ትዝታዎን በወረቀት ያስፍሩና ያጣሩት

ከጉዞው አንድ ወር ያህል አስቀድመው ትልቅ ወረቀት ይያዙና መንገዱን ከአእምሮዎ ይሣሉት። የተሻገሩትን ወንዝ፣ ጭነት መኪናው የተያዘበትን ረግረግ፣ ያደሩበትን መንደር፣ ቡና ያጠጣዎትን ሰው ስም ሁሉ ያስገቡ። ማንንም አይጠይቁ፣ ካርታም አይክፈቱ፤ መጀመሪያ የራስዎን ያውጡ። ከዚያ በኋላ የዛሬውን ካርታ ከጎኑ ያስቀምጡና የተለያዩበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ያክብቡ። በጉዞው ላይ ጥንቃቄ የሚፈልጉት ቦታዎች በአብዛኛው እነዚህ ቀይ ክቦች ናቸው።

ለውጡ ብዙ ነው። በክረምት ጭቃው ያንገላታ የነበረው ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጎባ ያለውን 430 ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል፤ ለአንጋፋ ተጓዥ ግን አልመክረውም። ከጎባ ወዲያ ጠጠሩ ይጀምራል። በደኑ ውስጥ እንደ ሪራ ያሉት መንደሮች ሰፍተዋል፣ ድሮ ጥላ የነበረው ቦታ እርሻ ሆኖ ይገኛል። ድሮ ማንንም ሳይጠይቁ ያለፉበት አምባ ደግሞ ዛሬ የሚከበር ሕግ ያለው ብሔራዊ ፓርክ ነው። የባሌ ተራሮች ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ካርታ የማይነግርዎትን ሰው ይነግርዎታል። ስለ ጠጠሩ መንገድ የዕለት ሁኔታ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ከደሎ መና ቡና ጭነው የሚወጡ የአይሱዙ ሾፌሮች ናቸው። ጎባ ወይም ሮቤ ሲደርሱ ማደያ ወይም ጎሚስታ ቤት አጠገብ ያገኟቸዋል። «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቋቸው፤ መልሱ «ደህና ነው» ብቻ ይሆናል። «ትናንት ማን አለፈ? የት ቆመ? ስንት ሰዓት ፈጀበት?» ብለው ይጠይቁ። ስለ አካባቢው ጸጥታም በጉዞው ሳምንት በቦታው ካለ ሰው ያጣሩ፤ የወር መረጃ ለዚህ አይበቃም።

ማን እንደሚነዳ ቤት ሳሉ ይወስኑ

ይህ ጥያቄ በመንገድ ላይ ከተነሣ ወደ ጭቅጭቅ ይሄዳል። ቤት ውስጥ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ባሉበት፣ በግልጽ ይነጋገሩበት። መንጃ ፈቃድ መኖሩ ብቻ አይበቃም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ራስዎን ይፈትኑ፦ አንገትዎን አዙረው በኋላ መስታወት ማየት ይችላሉ? ሞተሩ እየሠራ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ረግጠው ጥቂት ቢያቆዩት ጉልበትዎ ይንቀጠቀጣል? ፍሪሲዮን እየረገጡ፣ እየለቀቁ፣ በዳገት ላይ ያለ እጅ ፍሬን ማስነሣት ይችላሉ? በምሽት ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ዓይንዎን ያፈዘዋል? የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ይህን የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ ለቤተሰቡ አይናገርም፤ እርስዎ ይናገሩ።

እኔ የምመርጠው ክፍፍል ይህ ነው። አስፋልቱንና የአምባውን ሜዳ አንጋፋው ይንዳ፤ ከሳነቴ ወደ ሐረና የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወጣቱ ይንዳ። ቁልቁለቱ ላይ አንጋፋው ጋቢና ውስጥ ከጎን ተቀምጦ መንገዱን ይናገር፤ «ከዚህ ኩርባ በኋላ ይጠባል»፣ «እዚህ ጋ ከብት ይወጣል» እያለ። ያ ዕውቀት ከመሪው ያነሰ ሥራ የለውም። ወጣቱም መንገዱን የሚማረው እንዲህ ነው።

መኪናውን ለሰውነትዎ ያስተካክሉት

አገራችን ለእንዲህ ያለው ጉዞ ተመራጭ ያደረገችው ቶዮታ ላንድክሩዘርን ነው፣ በተለይ በፈረንጆች 1984 ማምረት የተጀመረውን 70 ተብሎ የሚጠራውን ዘር። ያለ ተርቦ የሚሠራው 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ ውስብስብ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለው የትኛውም ከተማ መካኒክ ይነካዋል። ጥፋቱ ለአዛውንት አለመመቸቱ ነው፤ ከፍ ያለ ነው፣ ባሌስትራው ይደልቃል፣ ወንበሩ ቀጥ ያለ ነው።

ስለዚህ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ከበሩ ሥር የብረት መወጣጫ ያስበይዱ። በሩ ውስጥ የመያዣ እጀታ ከሌለ ያስገጥሙ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው፣ እጁ የሚይዘው ነገር ሲያጣ። ሲወርዱ ፊትዎን ወደ መኪናው አዙረው እንደ መሰላል ይውረዱ። ወንበሩ ላይ ጠጠር ያለ ስፖንጅ ያስቀምጡ፤ በጣም ለስላሳው ወገብን ይጎዳል። የጎን መስታወቶቹን ሰፊ በሆኑ ይለውጡ።

ከሞተሩ ወገን የናፍጣና የአየር ፊልትሮ አዲስ ይሁኑ፣ የሞተሩ ቺንጊያ ይታይ፣ የፍሬን ሸራው ይለካ፣ የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ይለወጥ። አሮጌ የፍሬን ዘይት ውኃ ስለሚስብ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ሳይቋቋም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ጎማዎቹ አምስቱም፣ ትርፉም ጭምር፣ ጥርሳቸው ያላለቀ ይሁኑ።

ከተቻለ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ካልተቻለ አንድ ትርፍ ጎማና ከነመለጠፊያው ካላማዳሪ ይያዙ። ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚገባ ወፍራም ጣውላ፣ አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ፣ የጎማ መንፊያና የነፋስ መለኪያ፣ ትርፍ ቺንጊያ፣ 20 ሊትር ውኃ፣ ሁለት ጄሪካን ናፍጣ ይጫኑ። የጎማ ብሎን መፍቻው ረጅም እጀታ ያለው ይሁን፤ በወጣትነት በአጭሩ ይፈታ የነበረው ብሎን ዛሬ ትከሻን ይቆርጣል። ናፍጣ ሮቤና ጎባ ማደያዎች ይገኛል፣ ሆኖም የሚያልቅበት ቀን ስላለ ሻሸመኔ ወይም ዶዶላ ሲያልፉ ታንከሩን ይሙሉ።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ሳነቴ ላይ መኪናው ጥቁር ጭስ ቢተፋና ዳገት ቢከብደው ተበላሽቶ አይደለም፤ ለሚገባው ናፍጣ የሚበቃ አየር አላገኘም። ነዳጅ መርገጥ ጭሱን እንጂ ጉልበቱን አይጨምርም። ማርሹን ዝቅ ያድርጉ።

ከሐኪምዎ ጋር በከፍታው ላይ ይነጋገሩ

እዚህ ላይ ቀስ ብለው እንዲያነቡ እለምናለሁ። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ስድሳ ከመቶ ብቻ ነው። ልብም ሳንባም ይህን ለማካካስ ተጨማሪ ይሠራሉ። ለሐኪምዎ «ባሌ ልሄድ ነው» ማለት አይበቃም፤ «4,000 ሜትር ላይ ጥቂት ሰዓት እቆያለሁ» ብለው ቁጥሩን ይንገሩት። በቅርብ ጊዜ የልብ ድካም የያዘው፣ ግፊቱ ያልተረጋጋ፣ ወይም ቤት ውስጥ ሲራመድ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ወደ ሳነቴ ባይወጣ እመርጣለሁ። ዲንሾና የጋይሳይ ሜዳ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የደጋ አጋዘንን ከመኪና ሳይወርዱ ማየት የሚቻለው እዚያ ነው። ያም ሙሉ ጉዞ ነው፣ ማንም እንደ ጎደሎ አይቁጠረው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው አካሉ 2,400 ሜትር ገደማ ለምዷል፤ ጎባ አንድ ሌሊት ቢያድር ይበቃዋል። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ የመጣ ግን ዝቅ ካለ አገር ነው የሚነሣው። እሱ አዲስ አበባ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት፣ ከዚያ ጎባ ወይም ሮቤ ሁለት ሌሊት ይደር። ሳነቴ ላይ ማንም አንጋፋ ተጓዥ አይደር፤ ቀን ይውጡ፣ ሌሊት ዝቅ ብለው ይተኙ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት የከፍታ ሕመም መጀመሪያ ናቸው፤ በዚያው ከፍታ ይረፉ፣ ካልተሻለ ይውረዱ። ቁጭ ብለው ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ፣ ንግግርዎ ከተዘበራረቀ ወይም እርጥብ ሳል ከጀመረ፣ በዚያው ቅጽበት መውረድ ነው። ወደ ደቡብ መውረድም ይቀላል ብለው እንዳያስቡ፤ ሪፈራል ሆስፒታሉ ያለው ጎባ ስለሆነ ወደ ሰሜን ይመለሱ። አብሮዎት ያለው ሰው እነዚህን ምልክቶች በቃሉ ይወቃቸው፣ ምክንያቱም የተዘበራረቀ ሰው ራሱን አይመረምርም።

ስለ መድኃኒት ጥቂት። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ በደረት ኪስዎ ይያዙት፤ መኪና ውስጥ ያደረ ኢንሱሊን በባሌ ብርድ በረዶ ሊሆንና ሊበላሽ ይችላል፣ በረዶ የሆነው ደግሞ ቢሟሟም አያገለግልም። የስኳር መለኪያውም በብርድና በከፍታ ሊሳሳት ስለሚችል ሞቆ ይቆይ። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላለመውረድ ብሎ ውኃ መጠጣት ያቆማል፤ ይህ በከፍታ ላይ ክፉ ልማድ ነው። በየሰዓቱ መኪናው ይቁም፣ ሁሉም ይውረድ፣ እግሩን ያፍታታ። መቆሙ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋም ይረዳል።

ብርዱን ለመቋቋም በተዘጋ መኪና ወይም ክፍል ውስጥ ከሰል አያንድዱ። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የጆሮ መሸፈኛ ያለው ኮፍያ ይበቃል። ፀሐዩ ደግሞ በዚያ ከፍታ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጥቁር መነጽር አይርሱ።

ወሩንና ሰዓቱን ይምረጡ

ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ደረቅና ጥሩ ነው፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። በልግ ሲገባ ከመጋቢት ጀምሮ የሐረና ቀይ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ክረምቱም ያራዝመዋል። ረመዳን መቼ እንደሚውልም አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የባሌ ገጠር አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ቀን ላይ በየመንደሩ ምግብ ቤት ክፍት ላያገኙ ይችላሉ፣ እንግዳ አስተናጋጆችዎም ይቸገራሉ።

በዕለቱ ከጎባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሡ። ከ3 ሰዓት በፊት አምባው ላይ መሆን፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙና ዝናቡ ሳይመጣ ቁልቁለቱን መጨረስ ነው ዓላማው። ከመነሣትዎ በፊት አንድ የመመለሻ ሰዓት ቆርጠው ለሁሉም ይናገሩ። እኔ ከቀኑ 6 ሰዓት እላለሁ፤ በዚያ ሰዓት አምባው ላይ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ተራራ ሥር ካልደረሱ፣ ምንም ቢያጓጓ፣ ወደ ጎባ ይመለሱ። የምሽት መንዳት በዚህ መንገድ ለማንም አይመከርም። ስልክ በብዙ ቦታ ስለማይሠራ፣ ጎባ ያለ አንድ ሰው የት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚደውሉለት ይወቅ።

ዳገቱ

የፓርኩን መግቢያ ዲንሾ ባለው ጽሕፈት ቤት ሲያልፉ ይክፈሉና ደረሰኙን በቅርብ ያስቀምጡ። አስጎብኚም ከዚያው ይያዙ። አካባቢውን አውቀዋለሁ ብሎ አስጎብኚ መተው የአንጋፋ ተጓዦች የተለመደ ፈተና ነው፤ አስጎብኚው ግን ዛሬ ቀይ ቀበሮው የት እንዳደነ፣ የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ፣ የትኛው ሽማግሌ በሕይወት እንዳለ ያውቃል።

ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሡ ዳሽቦርዱ ላይ የሽቦ ጥቅል ምስል ያላት ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቁ፤ በብርድ አገር ይህ ትዕግሥት ባትሪን ያድናል። አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር ይውረዱና የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» ያዙሩ። አራቱን ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ አስፋልት ላይ አያስገቡ፤ ካምቢዮውን ያስጨንቀዋል። የጎማውን ነፋስ በዚያው ይለኩ። አዲስ አበባ ላይ የሞሉት ጎማ ሳነቴ ላይ የውጪው ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ላይ 2 ፒ ኤስ አይ ገደማ ጨምሮ ይታያል፤ ብርዱ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። ለጠጠሩ ከተለመደው አምስት ወይም ስድስት ፒ ኤስ አይ ቢቀንሱ መኪናው ለስለስ ይላል፣ ወገብዎም ያርፋል። አስፋልት ሲደርሱ መልሰው ይንፉት።

ከጎባ በላይ መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ከዚያ አምጃ፣ ከዚያ አስታ ይመጣል። አስታው እያጠረ ሄዶ ሲያልቅ አምባው ይከፈታል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይጣደፉ ይውጡ፤ የሙቀት መለኪያውን እያዩ። ፈረሰኛ ሲያዩ ጡሩምባ አይንፉ። ባሌ የፈረስ አገር ነው፣ የደነገጠ ፈረስ ደግሞ ጋላቢውን ገደል ይጥላል። ቀስ ብለው ያሳልፉትና ሰላምታ ይስጡ።

ሳነቴ ላይ

እዚህ መቸኮል የለም። ጅብራው በየቦታው ቆሟል፣ ትናንሽ ሐይቆቹ ዳር ወፎች ይታያሉ፣ ዕድለኛ ከሆኑ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን ከመንገድ ዳር ያያሉ። በዓለም ላይ የቀረው የዚህ ቀበሮ ቁጥር ከ500 ያነሰ ነው፣ ከግማሽ በላዩም የሚኖረው በባሌ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ አንድ ሜትር እንኳ አይውጡ። የድሮ ሰው «እዚህ ሜዳ ላይ እንደ ፈለግን እንነዳ ነበር» ይላል። እውነት ነው፣ ይነዱ ነበር። ነገር ግን ከሣሩ ሥር ያለው መሬት በፍልፈል ጉድጓድ የተሞላ ነው፤ የጎማ ዱካ ጉድጓዱን ይንዳል፣ በዚህ ብርድ የተጎዳ ሣርም ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ቀበሮው የሚበላው ያንን ፍልፈል ነው። ፍጥነትዎ ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ውሻም ይዘው አይምጡ፤ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወጣው ቅያስ በመኪና እስከ ጫፉ ያደርሳል፤ 4,377 ሜትር ነው፣ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው። ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብተው ይውጡ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉት፣ ሁለት ደቂቃ ይቀዝቅዝ። እርስዎም ወዲያው አይውረዱ። በሩን ከፍተው ጥቂት ይተንፍሱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ድንገት መነሣት ያዞራል። ከአንድ ሰዓት በላይ ላለመቆየት ይሞክሩ።

ምሳውን ቀለል ያድርጉት። ጭኮ ለዚህ ቦታ የተሠራ ይመስል በጣም ይስማማል፤ ትንሹ ያጠግባል፣ አይበላሽም፣ ማብሰል አይፈልግም። ቆሎና በሶም እንዲሁ። ሻይ ቢያፈሉ ውኃው 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ቅጠሉን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆዩት።

ቁልቁለቱ ወደ ሐረና

አምባው በድንገት ያልቅና ደኑ ከእግርዎ ሥር እስከ አድማስ ይዘረጋል። ጠመዝማዛው የሚጀምረው እዚህ ነው። ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ ሳሉ፣ መኪናውን ሙሉ በሙሉ አቁመው አራቱን ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ ወደ ዝቅተኛው («4L») ያስገቡ። በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝ። ፍሪሲዮን ረግጠው ወይም ማርሽ ነቅለው አይንከባለሉ። ፍሬኑን አጥብቀው፣ በአጭሩ ረግጠው ይልቀቁ፤ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራውን ያግላል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎት ሰፊ ቦታ ፈልገው ይቁሙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ውኃ አያፍስሱበት።

ለሚወጣ መኪና መንገድ ይልቀቁ፤ የተጫነ አይሱዙ ዳገት ላይ ከቆመ ለመነሣት ይቸገራል። ጉም ከያዘዎት አጭሩን መብራት ያብሩ፣ ረጅሙ ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል።

ሪራን አልፎ ወደ ታች ሲወርዱ ዛፉ ይገዝፋል፣ የዛፍ ሽበት ይበቅልበታል፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያም ከዛፍ ጥላ ሥር በገዛ እጁ የሚበቅለው የጫካ ቡና። ትንፋሽዎ ሲመለስ ያውቁታል። ጭቃ ካጋጠመ ከመግባትዎ በፊት ወጣቱ ወርዶ በዱላ ይለካው። የሌሎች ዱካ ጥልቅ ከሆነ ዱካውን እንጂ ዳሩን አይምረጡ፣ ዳሩ ወደ ቦይ ያንሸራትታል። ጅረት ሲሻገሩ ቀስ ብለው፣ ሳይቆሙ፣ ማርሽ ሳይቀይሩ ይለፉ። ውኃው ከጎማው መሐል ካለፈና ፍሰቱ ብርቱ ከሆነ ይመለሱ።

የሚፈልጉትን ሰው እንዴት እንደሚፈልጉ

ብዙው አንጋፋ የሚመለሰው ለመልክዓ ምድሩ ብቻ አይደለም። ያኔ ቤቱ ያሳደረውን፣ ወተት ያጠጣውን ሰው ማየት ይፈልጋል። ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ። የቆየ ፎቶግራፍ ካለዎት አሳትመው በብዛት ይያዙ፤ ስልክ ላይ ከማሳየት የታተመው ይበልጣል፣ ለቤተሰቡም ይቀራል። ገበያ በሚቆምበት ቀን ከደረሱ ሽማግሌዎችን በአንድ ቦታ ያገኟቸዋል። ኦሮምኛዎ ከጠፋብዎት አስጎብኚውን ያስተርጉሙ፣ ሰላምታውን ግን ራስዎ ይበሉ።

ቡናና ስኳር ይዞ መግባት ወጉ ነው። ጫማዎን ደጃፍ ላይ ያውልቁ። የፈለጉት ሰው አርፎ ከሆነ፣ ምንም ያህል ዓመት ቢያልፍ፣ ቤተሰቡ ዘንድ ገብተው ለቅሶ ይድረሱ። ልጆቹ ባያውቁዎትም ያከብሩታል። ያኔ የሆነውን ይንገሯቸው፤ ስለ አባታቸው ወጣትነት ያልሰሙትን ሊሰጧቸው ይችላሉ።

የሚያድሩት ደሎ መና ከሆነ በማግስቱ አርፍደው ይነሡ። በመጡበት መንገድ የሚመለሱ ከሆነ ዳገቱ ከቆላ ወደ 4,000 ሜትር በአንድ ጊዜ እንደሚያወጣዎት አይርሱ፤ ሪራ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይረፉ፣ ሳነቴን ግን ሳይቆዩ ይሻገሩ።

ሲመለሱ

ጎባ እንደደረሱ ጎማውን ይንፉ፣ የፊት መቆለፊያዎቹን ወደ «ፍሪ» ይመልሱ። የጎማ ብሎኖቹን በሙሉ እንደገና ያጥብቁ፤ ጠጠር ያላላቸዋል። መኪናውን ከሥሩ ያስጥቡ፣ የሐረና ጭቃ ሲደርቅ ፍሬኑ ውስጥ እንደ ሸክላ ይሆናል። የባሌስትራዎቹን ቅጠሎች አንድ በአንድ ይዩ፣ የተሰነጠቀ ካለ አስፋልቱ ላይ ሳይወጡ ያስለውጡ። ጅረት ተሻግረው ከሆነ አዲስ አበባ ሲገቡ የዲፈረንሻሉን ዘይት መካኒኩ ጥቂት ያንጠብጥብ፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታልና የፊቱም የኋላውም በዚያው ቀን ይለወጥ።